ወንበሩ የራሱን ወሰደ

ለውድ ወንድሜ ለአልአዛር፣

የጌታ ሰላም ካለህበት ጆሃንስበርግ ድረስ ይድረስህ። እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? ሱቅህስ? የሰናይት ወገብ ተሻላት ወይ? እኛ ከሞቱት በላይ ካሉት በታች ሆነን አለን። የምጽፍልህን በስልክ ያልነገርኩህ እማዬ ፊት ድምፄ እንዳይሰበር ብዬ ነው። ይህን ወደዚያ በሚመለሰው በጎረቤታችን በሙንተሃ ወንድም እጅ ልኬልሃለሁ።

ባለቤቴ ሕዝቅያስ ካረፈ ወዲህ አልቅሼ እንኳ አልወጣልኝም። ለቅሶው ሳይበተን ከመሥሪያ ቤቱ ሁለት ሰዎች መጥተው የመኪናውን ቁልፍ በትሕትና ጠየቁኝ። ቆይተው ደግሞ ቤቱን ልቀቂ አሉኝ። ታውቀው የለ፣ ሥራ አስኪያጅ ከሆነ ጀምሮ ቤቱም መኪናውም ሕክምናውም ስሙ «ቤኔፊት» ነበር። ቃሏ አፉ ላይ ትጣፍጠው ነበር። እኛም ተከትለን ቤኔፊት ቤኔፊት ስንል ኖርን። በአማርኛ የወንበሩ ነው ብንለው ኖሮ ማን እንደ ርስት ይቆጥረው ነበር! ወንበሩ የራሱን ሁሉ ወሰደ፤ ለእኔ የቀረልኝ መቃብሩ ነው።

እኔስ ይሁን፣ እችለዋለሁ። አንጀቴን የሚበላው የእማዬ ነገር ነው። ሆሳዕና ያለውን የእንሰት ማሳዋን ለአጎታችን ልጆች ሰጥታ የመጣችው ልጄ ቤት አላት ብላ ነው። ከዚያ ያመጣችውን ችግኝ እዚህ ጓሮ ተከለችው፤ ዛሬ ከቁመቴ በልጧል፣ ለቆጮ ለመፋቅ ግን ገና ነው። የእኛ ሰው በሰው መሬት እንሰት እንደማይተክል ታውቃለህ። ሕዝቅያስም እኔም ስትተክል እያየን ዝም አልን፣ የራሳችን መስሎናላ። አሁን ያገኘሁት ኪራይ መናኸሪያ አካባቢ ነው፤ አንድ ክፍል ነው፣ ደጁ በሙሉ ሲሚንቶ።

ትናንት እማዬ ራሷ፣ ያ ቤኔፊት የምትሉት ነገር፣ ሰው ሲሞት ይቀራል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። አላለቀሰችም። ለአልአዛር ልጻፍለትና የአጎታችንን ልጆች ይለምንልሽ፣ ከማሳሽ ጥጉን እንኳ ይመልሱልሽ አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ።

«የሰጠሁትን ልንጠቅ? እነዚህ ሰዎች እኛን እንዳደረጉን?»

ከዚያ መኮትኮቻዋን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። ስለዚህ ወንድሜ፣ እንዳትደውልላቸው። ቅዳሜ ዕቃችንን እናወጣለን፤ እናታችን በስተርጅናዋ ሲሚንቶ ላይ ልትቀመጥ ነው።

ሰናይትን በጣም ሰላም በልልኝ። ሮሆቦትንና ዮፍታሄን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። እማዬ ለሁላችሁም ሰላም ብላለች፤ ደህና ነኝ በይው ብላኛለች።

እህትህ ሐዳሳ
ሐዋሳ፣ መሃል ከተማ
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.