አጭሩና ረጅሙ ጥይት

ጥር 3

ማተሚያ ቤት ዋልኩ። ስለ ንብ እርባታ የተጻፈ መጽሐፍ እያረምኩ ነው። ደራሲው ንብ በሩቁም አይቶ የሚያውቅ አይመስልም። ቤት ስደርስ የታናሽ ወንድሜ መኪና በሩን ዘግቶ ቆሟል፤ እንደ ልማዱ። በጎን ተጣብቄ ገባሁ።

አባባ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አንጥፎ ጠመንጃውን ዘርግቶታል። ባለ አንድ ጥይቱን። አንዴ ይተኮሳል፤ ከዚያ ወይ አውሬው ይወድቃል፣ ወይ ተኳሹ ስለ ሕይወቱ ማሰብ ይጀምራል። የአደን ፈቃዱ መጥቶለታል። አንድ ጎሽ፣ መጋቢት ላይ። ችግሩ ጥይቱ ነው። ይሠራው የነበረው ፋብሪካ ከተዘጋ ቆየ። የቀረችው አንዲት ፍሬ የአባባ ቁልፍ ማንጠልጠያ ሆናለች።

ጠመንጃ ጠጋኙ የጥይት መቀመጫውን ሞርዶ አሁን ገበያ ላይ ላለ ጥይት ሊያበጀው ይችላል አሉ። ምርጫው ሁለት ነው። ውፍረታቸው እኩል፣ ትንሽ ጣት የሚያህል። አንዱ አጭር ነው። ሌላው ረጅም፣ ባሩዱ የበዛ፣ ርግጫውም የዚያኑ ያህል።

"ረጅሙ" አለ ወንድሜ፣ ማንም ሳይጠይቀው። የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው። በዓለም ላይ ትልቁ የማይሻልበት ነገር መኖሩን ገና አልሰማም።

ጥር 5

አባባን ዓይን ሐኪሙ ጋ ወሰድኩት። ግራ ዓይኑ ከጠፋ ቆይቷል። የቀኙ ደግሞ አምና ከውስጥ ያለው ስስ ሽፋን ተላቆ፣ በስንት መከራ በቀዶ ጥገና የተመለሰ ነው። ሐኪሙ ጨርሶ ባይተኩስ ይመርጣል። ካልሆነ ግን ትከሻው ላይ እንደ በቅሎ የሚራገጥ ነገር እንዳያስደግፍ። አንድ ኃይለኛ ምት ካገኘው... እጁን ከፍቶ አሳየኝ። ባዶ።

አባባ ታክሲው ውስጥ ገብቶ በሩን በኃይል ዘጋ። ከዚያ፦ "ይሄ ሐኪም ተብዬ ልጅ ስንት ጎሽ ጥሏል?"

ጥር 9

ዛሬ አበላሸሁት።

እራት ላይ ሦስት መጽሐፍ ይዤ ቀረብኩ፤ ምልክት ሁሉ አድርጌባቸዋለሁ። አጭሩ ጎሽ ይጥላል፣ ስንት ዘመን ሲጥል ኖሯል፣ ከቅርብ ከሆነ ጎሹ ልዩነቱን አይጠይቅም... ሁሉም ትክክል። አባባ እየሰማኝ ነበር። መጨረሻ ላይ ግን አፌ አላረፈም። "በተለይ ለአንተ ዕድሜ" አልኩ።

ወንድሜ ሹካውን አስቀመጠ። ደስታው ፊቱ ላይ ቦታ አጣ።

"ሰማህ አባባ? የጡረተኛ ጥይት መርጣልሃለች።"

አባባ ሳህኑን ገፋ። ረጅሙ ይሁን፣ ነገሩ አለቀ አለ። ያለቀውም እዚያው ነው። አጭሩን የገደለው ወንድሜ አይደለም፤ እኔ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ስህተት ጮክ ብዬ ሳነብ ስለኖርኩ፣ የሰው ዕድሜም የፊደል ግድፈት መሰለኝ።

ወንድሜን ወጥ ቤት ድረስ ተከትዬ ሐኪሙ ያለውን ነገርኩት። የአባባ ዓይን ይጠፋል አልኩት። ብርጭቆውን እያጠበ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ "አንቺ መቼም የሚጠፋ ነገር አታጪም" አለኝ። ለዚህ ሰው ነው በልጅነቴ የቤት ሥራ የምሠራለት የነበረው?

ጥር 14

ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ለማንም ሳልናገር ጠመንጃ ጠጋኙ ጋ ሄድኩ። አባባ ጠመንጃውን ልኮለታል፤ ለየትኛው ጥይት እንደሚሞረድ ግን ገና አልተነገረውም። ሱቁ ከቁልፍ ቀራጩ ጀርባ ነው፤ ዘይትና የተፋቀ ብረት ይሸታል። ሰውዬው ቁጥብ ነው፣ አንድ ነገር ሁለቴ አይናገርም። መቀመጫው ለአጭሩ ከተሞረደ በኋላ ለረጅሙ ሊረዝም ይችላል አለ። ረጅም ከሆነ ግን መመለሻ የለውም፤ የተፋቀ ብረት አይለጠፍም። ለረጅሙ የተበጀ መቀመጫ አጭሩንም ጥይት ይተኩሳል፤ ትንሽ ቢያንሻፍፍ ነው፣ ከቅርብ አይታወቅም።

ለአጭሩ ይሞረድ አልኩት። ቤተሰቡ ተስማምቷል ብዬ። "ቤተሰቡ" ስል ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ኮራሁ።

ጥር 22

ልወስደው ሄድኩ። ረጅም ሆኖ ጠበቀኝ።

ወንድሜ እኔ በሄድኩ በሳምንቱ፣ የአጭሩ ሥራ ባለቀ ማግስት፣ መጥቶ ቤተሰቡ ሐሳቡን ለውጧል ብሎታል። ጠጋኙ ቅር አላለውም፤ ደረጃ በደረጃ የምንሄድ ጠንቃቃ ሰዎች መስለነዋል። እንዲያውም ቤተሰባችሁ ተስማምቶ አይጠግብም አለኝ። ቀድሞ የሄደ የሚሸነፍበት ሩጫ ቢኖር ይሄው ነው፤ እኔም በፍጥነቴ ተሸነፍኩበት።

ለወንድሜ ደወልኩለት። ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም፤ ማስታወሻው ምን አደረገኝ? እሱ ያለው ግን ይጻፍ፦ "እኔን ልትቀድሚ? በየትኛው እግርሽ?"

ጠመንጃውን ለአባባ አደረስኩ። ጠጋኙ የጥይቱን ዓይነት በርሜሉ ላይ ቀርጾታል። አባባ ጽሑፉን በዓይኑ አልሞከረውም። በአውራ ጣቱ ጥፍር ፊደል በፊደል ዳበሰው፤ የረጅሙ መሆኑን ሲያረጋግጥ ፈገግ አለ። እንዲያ ሲስቅ ካየሁት ስንት ጊዜዬ ነው... ልቤ ሊራራ ሲል ወንድሜ ትዝ አለኝ፣ ዳነ።

ጥር 23

አልደወለም። አልደወልኩም። ሰላም ነው።

የካቲት 6

አባባ ሳሎን ውስጥ በባዶ ጠመንጃ መጋረጃውን ሲያነጣጥር ይውላል። ሰደፉ ትከሻው ላይ ሲያርፍ እጁ ጸጥ ይላል። ቁልፍ ማንጠልጠያዋን ፈትቶ ማጉረስ ሲሞክር ግን ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ ምንጣፉ ላይ ጣላት። ወንድሜ ከሶፋው ሳይነሳ "የዚያን ቀን እኔ አጎርስልሃለሁ" አለው። አባባ እሺ አለ። እኔ ብለው ኖሮ ጠመንጃውን በላዬ ይሰብረው ነበር።

አንድ ሁለቴ ተኩሰህ አትለማመድም ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ጠጋኙ ሞክሮታል አለኝ። "እኔ ያለችኝን ለጎሹ ነው የማስቀምጣት።"

ያለችህ ምን? አላልኩም። ዓይኑን ማለቱ ነው፤ ለካ ሐኪሙን ሰምቶታል።

መጋቢት 3

ሆነ።

ጠዋት ነው፤ ጤዛው ገና አልረገፈም። አራት ሆነን ሄድን፤ አስጎብኚ አዳኙ የራሱን ጠመንጃ ይዞ፣ አባባ፣ ወንድሜ፣ እኔ ከኋላ። ወንድሜና እኔ ከጥር ወዲህ የተነጋገርነው "ዞር በይ" እና "አንተ ዞር በል" ብቻ ነው። ጎሹ ከቁጥቋጦው ጥግ ቆሞ ያየናል፣ ብድር እንደተከለከለ ሰው። ወንድሜ ጀርባውን ሰጥቶኝ አጎረሰ፣ ዘጋ፣ ለአባባ አቀበለው። እኔ የማየው የአባባን ዓይን ነው። ደህና ሁኚ እያልኳት ነበር መሰለኝ።

ተኮሰ። ጎሹ ጥቂት ተራምዶ ተንበረከከ፣ ወደቀ። አዳኙ መተኮስ አላስፈለገውም።

አባባ ቀኝ ዓይኑን ጨፈነ፣ ከፈተ። ወደ አዳኙ ዞሮ፦ "ኮትህ ላይ ሁለተኛው ቁልፍ ተበጥሷል።" እውነት ተበጥሷል። ሳሩ ላይ ተቀመጥኩ።

ወንድሜ ግን ጫካውን አደበላለቀው። ረጅሙ ነው፣ እዩት፣ አንድ ጊዜ ነው ያስተኛው፣ መጽሐፍሽ ውስጥ እንዲህ የሚል አለ ወይ... ለእኔ ነው የሚጮኸው። እየጮኸ ደግሞ ተንበርክኮ ሳሩን ይዳብሳል። ምን ጠፋው? ባዶው ቀለህ፣ አባባ ጠመንጃውን ሲከፍት የወጣው የጥይቱ የነሐስ ቅርፊት። የወደቀው እግሬ ሥር ነበር። አነሳሁት፤ ገና ይሞቃል።

አጭር ነው።

አየኝ። ጩኸቱ ቆመ። መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ፣ አባባ እንዳይሰማ።

"ስጪኝ።"

"አጭር ነው እኮ።"

"አውቃለሁ።"

"መቼ ገዛኸው?"

"መቀመጫውን ለረጅሙ ባሠራሁ ቀን። አንድ ሳጥን።"

"ታዲያ ለምን ለረጅሙ አሠራኸው?"

"አባባ በጥፍሩ ሲያነብ አላየሽም?" አለ። "ረጅም ይሁን አለ፣ ረጅም ሆነለት። ዓይኔ ይጥፋ ግን አላለም።" ቀለሁን ከመዳፌ ወስዶ ኪሱ ከተተ። "ለሱ ብትነግሪ እህት የለኝም።"

ሰምቶኛል ማለት ነው። ያን ቀን፣ ብርጭቆ እያጠበ። ይህን ሁሉ ጊዜ ስሰድበው ሰሚ አጥቼ መስሎኝ...

አላመሰገንኩትም። አመስጋኝ ፊት ሲያይ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ሁለት ወር ያወራበታል።

መጋቢት 11

አጎታችን ምሳ መጣ። የወንድሜ መኪና በሩን ዘግቶ ቆሟል፣ አጎታችንም በጎን ተጣብቆ ገባ። አባባ ጎሹን ዳግመኛ ጣለው፤ በዛሬው አተራረክ ጎሹ ትንሽ አድጓል። አጎታችን ወደ እኔ ዞረ። ነገር መቆስቆስ ይወዳል። አንቺ አጭሩ ይበቃል ስትይ ነበር አሉ፣ አሁንስ ምን ትያለሽ?

ወንድሜ አፉ ሙሉ ነው፤ ማላመጥ አቁሟል።

"ተሳስቻለሁ" አልኩ። "ረጅሙ ነው የሚሻለው።"

እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። አጎታችን ሳቀ። አባባ ጀርባውን ቀና አደረገ። ወንድሜ ብቻ ኪሱ እንደተገባበት ሰው አየኝ። ሳህን ስናነሳ በጆሮዬ፣ "ትንሽ አበዛሽው" አለ። አንተም ጫካ ውስጥ አብዝተኸዋል አልኩት።

አጎታችንን ሸኝተን ስንመለስ አባባ በሩ ላይ ቆሞ ትከሻውን ያሻል።

"ረጅም ጥይት እንዲህ ቀለል ይላል እንዴ? ሰንበር እንኳ አልተወብኝ።"

"ጥሩ አድርገህ ስለያዝከው ነው" አልኩ። ወንድሜም "አያያዙ ነው" አለ፣ እኩል ከእኔ ጋር። እኩል ተናግረን አናውቅም።

አባባ በደህናው ዓይኑ እኔን አየ፣ እሱን አየ። አልቸኮለም።

"እንግዲያው ለመጪው ዓመትም" አለ፣ "ከዚያው ሳጥን አጉርሱኝ።" ሊተኛ ገባ።

ኮሪደሩ ላይ ቆመን ቀረን። ከዚያ ጀመርን፣ በሹክሹክታ፣ ሳጥኑ ማን ጋ ይቀመጥ በሚለው። የእሱ ሱቅ ይረጥባል፣ ባሩድ ይበላሻል አልኩት። የአንቺ ክፍል ወረቀት ብቻ ነው፣ እሳት ቢነሳስ አለኝ። ደደብ አልኩት። ግትር አለኝ።

ሳጥኑ እኔ ጋ ነው። ከመጽሐፎቹ ኋላ።