በኮሪደራችን በር ላይ ስለሚታደለው እንክብል

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ዳይሬክተር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እመኛለሁ፤ ቢሮዎ ከእኛ ኮሪደር ስለሚርቅ ምኞቴ እንደሚሰምር አልጠራጠርም።

ለማንም ያልተናገርኩትን ለእርስዎ ልንገርዎ። ባለቤቴ መድኃኒት በማይበግረው ጀርም ተይዞ እዚሁ ሲያርፍ እጁን ዘርግቶልኝ ነበር፤ ይጋባብኛል ብዬ አልያዝኩትም። ዛሬ በዚያው ሕመም ልጄ ተኝታለች። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ አስታማሚ ሁሉ ገና ከበሩ ሲገባ ለጥንቃቄ የአንቲባዮቲክ እንክብል እንዲታደለው ስላዘዙ አመሰግናለሁ። መድኃኒቱ የአንጀታችንን ደግ ባክቴሪያ ከክፉው ጋር እንደሚጠርግ አንብቤ አውቅ ነበር። ነገር ግን የልጄን እጅ ሳልፈራ መያዝ ስለፈለግኩ ዋጥኩት፤ ያዝኳትም።

ሁለተኛ፣ ላይኛው ፎቅ ላይ የጥናት ክፍል ስለከፈቱልን አመሰግናለሁ። እዚያ ከጤነኛ ሰው ሰገራ ደጉን ባክቴሪያ ለይተው ለታማሚ ይሰጣሉ፤ እሱም ክፉውን ጀርም ቦታ ያሳጣዋል። ከእኔ እንዲወሰድ ስስማማ ልጄ በትኩሳቷ መሐል ሳቀች፤ «እማዬ፣ ዕድሜሽን ሙሉ ከሆድሽ ምንም አይወጣም ነበር፤ አሁን ግን ተገደድሽ» አለችኝ። የተመራማሪዋ የመጀመሪያ ጥያቄ ግን በቅርቡ አንቲባዮቲክ ወስጄ እንደሆነ ነበር። እውነቱን ስነግራት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እህቴም አማቼም ውጠዋል። «እናቴ፣ ከእናንተ ኮሪደር አንድ እንኳ ለጋሽ አጣሁ» አለችኝ።

ሦስተኛውን በምስጋና ቃል ለመጻፍ ሞክሬ አቃተኝ። የቀረን መድኃኒት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም እየከዳን ነው። የእጇ ትኩሳት ወደ መዳፌ ሲገባ የድሮው ፍርሃት ይመጣብኛል። እጇን እንዳልለቅባት እፈራለሁ።

ትእዛዝዎን በአንድ ጉንጭ ውሃ የፈጸመች፣ ከእንክብካቤዎ ብዛት የተነሳ ለገዛ ልጇ መሆን ያልቻለች፣

አክባሪዎ አስታማሚ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ሊጎበኙን ሲመጡ ነርሷ እንክብሉን ብትዘረጋልዎ «እኔ ጤነኛ ነኝ» ብለው ማለፍዎን አይቻለሁ። እንግዲህ በዚህ ኮሪደር ካለፍነው ሁሉ ሆዱ ያልተጠረገ እርስዎ ብቻ ነዎት ማለት ነው። ተመራማሪዋ ዕቃዋን አዘጋጅታ እየጠበቀችዎ ነው፤ መጸዳጃ ቤቱ በስተግራ ነው።

ግልባጭ፦
ለተመራማሪዋ፣
በር ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ለተቀመጣችሁ፣ እንክብሉን በመዳፋችሁ ይዛችሁ ገና ላልዋጣችሁ።