ጋሽ በላይ በር ሲያንኳኩ

ደሴ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1999 ዓ.ም.

ዛሬ ከኩታበር የመጡ አንድ ቄስ በዲጂታሉ ካሜራ አሥራ ሦስት ጊዜ አነሳሁ። ፍላሹ ሲበራ ዓይናቸው ይከደናል፤ አሥራ ሦስቱም ተበላሸ። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ጋሽ በላይ ካሜራው ከተገዛ ጀምሮ ነክተውት አያውቁም። ዛሬ ከእጄ ወሰዱት።

«መምሬ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ። ሦስት ስል ይግለጡ።»

አንዴ ብቻ ተጫኑ። የመምሬ ዓይን ቁልጭ ብሎ ወጣ። ያ የፊልም ዘመን እጅ ዛሬም ያው ነው።

ፎቶውን ላትም፣ አሁን ኮምፒዩተር ወደገባበት ወደ ድሮው ጨለማ ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ጋሽ በላይ ተከትለውኝ መጡና፣ ብርሃን ገብቶ ፊልም እንዳይቃጠል እንደለመዱት፣ አንኳኩተው ቆሙ። የሚቃጠል ፊልም ከቀረ ቆይቷል። «ይግቡ» ለማለት አፌ እምቢ አለኝ።

«ትንሽ ይቆዩ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ቆዩ።