ከታንከሩ ኋላ የበቀለው አስተናግር

ሰኞ

ዛሬም ተቆልፎብኛል። ማዳም ቁልፉን ለእናቷ ሰጥታ ሥራ ሄደች። አራት ወር ሆነኝ፤ ካርቲየ 6 የሚባል የሰው አገር ሰፈር ነው የምኖረው እላለሁ እንጂ ከዚህ ግቢ ሌላ አላውቅም። ፓስፖርቴ እሷ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ልሂድ ስላት "ኮንትራትሽን ጨርሺ" ነው መልሷ።

ልብስ ሳሰጣ ከውሃ ታንከሩ ኋላ አስተናግር አየሁ። እሾሃማ ፍሬ አንጠልጥሏል። የሚንጠባጠበው ውሃ ነው ያበቀለው። አባቴ መድኃኒት አዋቂ ስለነበር አልጠፋኝም። ፍሬውን ለጥርስ ሕመም ያጥንበት ነበር። "አፍ ከገባ ግን ያሳብዳል፤ ይገድላልም" ይል ነበር።

ማክሰኞ

ከሐሳቡ መላቀቅ አቃተኝ። ሻይ የማፈላው እኔ ነኝ። የበሩ ቁልፍ የማዳም እናት፣ እማማ፣ አንገት ላይ ነው።

ሁለት ፍሬ ቀጥፌ ሻሼ ጫፍ ላይ ቋጠርኩ። እጄን ደጋግሜ ታጠብኩ። ሻዩን አፈላሁ። ስኳር ብቻ ጨምሬ ሰጠኋቸው።

ረቡዕ

እማማ ጥርሳቸውን አሟቸው ሲያቃስቱ አረፈዱ። ድሬዳዋ ስለኖሩ አማርኛ ይችላሉ። "ታንከሩ ጋ አስተናግር አለ፤ በሱ አጥኚኝ" አሉኝ። ደነገጥኩ። መጠኑን አላውቅም ብዬ ቅርንፉድ አስነከስኳቸው። አላመኑኝም፤ ከዘራቸውን ይዘው ራሳቸው ሄዱ። ተመልሰው መጡ።

"ፍሬው የት ሄደ?"

የሻሼን ቋጠሮ በእጄ ሸፈንኩ።

"ለማን ጥርስ ቀጠፍሽው?"

ሻሼን ፈትቼ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። "በሩን ለማስከፈት ነበር፤ ግን አልቻልኩም" አልኳቸው። ፍሬውን አዩ፤ እኔን አዩ። ፍሬውን ጨብጠው ክፍላቸው ገቡ።

ለልጃቸው ይነግሯታል። ፖሊስ ትጠራለች። አለቀልኝ።

ሐሙስ

አልነገሯትም። ማዳም እንደወጣች ጠሩኝ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

"ልጄንም አንቺንም መቅበር አልፈልግም። ሂጂ።"

"ፓስፖርቴስ፣ እማማ?"

"የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ለኔ አትሰጠኝም። ሂጂ ሳትመለስ!"

እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ይዘው ወደ ውጭ ገፉኝ።

አሁን ከከተማው ዳር፣ ባልባላ ሰፈር ነኝ፤ ሚኒባስ ውስጥ ያገኘኋት የደሴ ልጅ አስጠግታኛለች። ነገ ዓርብ ነው፤ እዚህ አገር ዓርብና ቅዳሜ ቢሮ ሁሉ ዝግ ነው። ኤምባሲያችን ለመሄድ እስከ እሑድ መጠበቅ አለብኝ። ወረቀት የለኝም። መንገድ ላይ ቢያስቆሙኝ ምን እላለሁ?

ከመጣሁ ጀምሮ በዚህ ባልተቆለፈ በር አራት ጊዜ ወጥቼ ገባሁ። ለምንም ጉዳይ አይደለም።