በር ያለው ክፍል ለትልቋ ይሁን

ከሩቅ ሆነሽ ለምታስቢኝ ልጄ ይድረስሽ።

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? ባልሽስ የማታ ሥራውን ተወ? ልጆቹን ጉንፋኑ ለቀቃቸው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እሱም ከእኔ ጋር አርጅቷልና አልፈርድበትም።

አሁን የምጽፈው ራሴ ነኝ። ድሮ የጎረቤታችን ልጅ ስትጽፍልኝ ምሬቴን እየዘለለች «ሁላችንም ደህና ነን» ብላ ትዘጋው ነበር። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ስለሆነ እጄ ቀርፋፋ ነው፤ የምዘለው ነገር ግን የለኝም።

ስለምትገዙት ቤት የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። አንደኛው ሰፊ ሳሎን ያለው፣ ብርሃን የሞላበት፣ ትንሹ ልጅሽ ድንቡሼ እንደ ልቡ የሚሮጥበት ነው። ሁለተኛው ያረጀና ጨለም ያለ ነው፤ ግን ከጓሮ በኩል የራሷ በር ያላት ትንሽ ክፍል አለችው። ያቺን ክፍል ለእኔ አስበሽ፣ መጥቼ አብሬያችሁ እንድኖር ለምነሽኛል።

ዕድሜዬን የፈጀሁት የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ ነው። ከታች ሁልጊዜ እጥፋት እተዋለሁ፤ ልጁ ሲረዝም ይፈታል። አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አናጺ ሆኖ እጥፋት የሚባል ነገር አያውቅም። አልጋችሁን በቁመታችሁ ለክቶ ከግድግዳ ግድግዳ ገጥሞ ቸነከረው። ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ «እጁ ይባረክ፣ ጣት አያስገባም!» አለ። እኔ «ሰውዬ፣ ልጆቹ እኮ ያድጋሉ» ብለው፣ «አንቺ መርፌሽን ያዢ» አለኝ። ብዙም ሳይቆይ ወንድምሽ ጉልበቱን አጥፎ ያድር ጀመር።

አንቺ ደግሞ ልብስሽን የምትቀይሪው ከመጋረጃ ጀርባ ነበር። ወንድምሽ ሊያናድድሽ ሲገልጠው ጩኸትሽ መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር። ክፍሉ አንድ ነውና ብታለቅሺም ብታኮርፊም ሁላችንም እናይሻለን። ቤታችን የነበረው በር የመንገዱ በር ብቻ ነው። በአሥራ ስድስት ዓመትሽ ዘግተሽው የወጣሽውም እሱን ነው፤ መጀመሪያ ወደ አክስትሽ፣ ከዚያ ወደ ሩቅ። ቂሜ እስካሁን አለ፤ አልዋሽሽም።

ስለዚህ ሁለተኛውን ግዙ። ክፍሏን ግን ለትልቋ ልጅሽ ስጫት። አሥራ አንድ ሞልቷታል፤ ነገ ከነገ ወዲያ መስተዋት ፊት መቆም ትጀምራለች። ለድንቡሼ ሩጫ ደጁ ይበቃዋል፤ ሩጫውም እስኪያድግ ነው። እኔ ለመኖር አልመጣም። ልጠይቃችሁ ስመጣ ከእሱ ጋር እተኛለሁ፤ ማንኮራፋቴን ይቻለው።

ትልቋ አንድ ቀን በሩን ፊትሽ ላይ ድርግም አድርጋ ትዘጋዋለች። ያን ጊዜ «በገዛ ቤቴ!» ብለሽ አትቆጪያት። አንቺ ከዘጋሽው በር ማዶ መንገድ ነበር፤ ከእሷ በር ማዶ ያለው አልጋዋ ነው። ሲርባት ትወጣለች።

ባልሽን በርታ ብላሃለች በይልኝ። የድንቡሼን ጉንጭ እስኪያለቅስ ሳሚልኝ። ለትልቋ የመስኮቷን ቁመት ለክታ እንድትልክልኝ ንገሪያት፤ መጋረጃ እሰፋላታለሁ። ለመስኮት ነው እንጂ ለበር አይደለም።

እናትሽ
ከአሮጌው ቤት፣ ሰኔ 4 ቀን፣ እሁድ ጠዋት