በግድግዳችን ላይ የምትሮጠው ሴት

ሮተርዳም፣ ሻርሎይስ
መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎትና ለምወድዎት እናቴ ለወይዘሮ ኤልፍነሽ፣

እንደምን ሰነበቱ? የእግርዎ እብጠት ጎደለልዎ ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከእርስዎ ናፍቆት በቀር የጎደለብኝ የለም። ሥራዬም ያው ነው። የሽማግሌና የአሮጊት ቤት እየዞርኩ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ መድኃኒት እሰጣለሁ። በቀደም አንዷ አሮጊት "እጅሽ በረዶ ነው!" ብላ ጮኸችብኝ። "የአገራችሁ ብርድ ነው እንጂ እኔ ይዤው አልመጣሁም" አልኳት። ሳቀች።

ፋና፣ የወንድሜ ልጅ፣ ለአያትሽ የምታነቢላቸው አንቺ ነሽና ቀስ በዪ። እንደ ልማድሽ ለመጨረስ አትቸኩዪ። የሚከብድ ቦታ ቢገጥምሽም አትዝለዪ።

እናቴ፣ ይህን በስልክ ያልነገርኩዎት ድምፄን ስለማላምነው ነው። ማልቀስ ስጀምር የራስዎን ትተው እኔን ማባበል ይይዛሉ። ስለዚህ ጽፌ ወደ አገር ቤት ለሚመጣው ለአበጋዝ ሰጠሁት። ዲናን አገኘኋት። አባባ ሞተው፣ እርስዎም ሳንባዎን ታመው በነበረበት በዚያ ክፉ ዓመት፣ በሦስት ዓመቷ ለማደጎ የሰጧትን ልጅዎን፣ ታናሽ እህቴን፣ በዓይኔ አየኋት።

"ለፋሲካ እንድትመጣ ለምኚልኝ፤ ዓይኔ ሳይከደን አንድ ቀን ልያት" ያሉኝን አልረሳሁም። የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው ልንገርዎ።

ስጽፍላት እንዳልመለሰችልኝ ያውቃሉ። ባለፈው ወር ከሥራ ስመለስ ሜትሮ ጣቢያው ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ አየሁና ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ። የእኛ ቤት ሥዕል! አባባ ነፍሳቸውን ይማርና ይሠሩበት ከነበረው ማተሚያ ቤት መጋዘን አምጥተው፣ በዱቄት ማጣበቂያ ግድግዳው ላይ የለጠፏቸው ወረቀቶች ትዝ ይሉዎታል? ምን ትዝ ይሉዎታል እላለሁ፣ ዛሬም ከአልጋዎ ፊት ለፊት አይደሉ! የወረቀት ጥቅል የተሸከሙት ድንክዬዎች፣ ነጭ የለበሱት የጉም ሴቶች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያቺ ጎርፍ ላይ የምትንሳፈፍ የሕፃን አልጋና ጠርዟ ላይ የምትዘለው ድመት። ለካስ ዛንዳም በሚባል ከተማ የነበረ አንድ የወረቀት ፋብሪካ ድሮ ለየአገሩ ደንበኞቹ ይልካቸው የነበሩ ማስታወቂያዎች ናቸው። ሥዕሎቹ የዚህ አገር ተረቶች ሲሆኑ፣ አሁን እዚያው ዛንዳም ኤግዚቢሽን ተከፍቶላቸዋል።

ፎቶ አንስቼ ለዲና ላክሁላት። "ይህ በቤታችን ግድግዳ ላይ ነበር" ከማለት በቀር ምንም አልጨመርኩም። በዚያው ቀን መለሰች። "ድመቷን አውቃታለሁ። ልጅ ሆኜ መጽሐፍ ላይ ያየኋት ይመስለኝ ነበር። ቅዳሜ እዚያ እንገናኝ" አለች።

ትናንት ሄድኩ። ቁመቷ የአባባ ነው። ስትቆም ግራ ትከሻዋን ዝቅ ማድረጓ ቁርጥ እርስዎን። ላቅፋት እጄን ብዘረጋ እሷ ለመጨበጥ እጇን ሰጠችኝ። ጨበጥኳታ፣ ምን ላድርግ? አማርኛ ጨርሶ የላትም፤ ያወራነው በሆላንድኛ ነው። ስሟን ግን አሳዳጊዎቿ አልቀየሩባትም። አምስተርዳም ቢሮ ትሠራለች። አልከሳችም፣ ጥርሷም ደህና ነው። ይህን መጀመሪያ እንደሚጠይቁኝ ስለማውቅ ደህና አድርጌ አይቼልዎታለሁ።

የምታስጎበኘው ሴትዮ ተረቱን ነገረችን። እዚሁ ሮተርዳም አጠገብ በጥንት ዘመን ትልቅ ጎርፍ መጥቶ ሰዉን ሁሉ ሲያጠፋ፣ አንዲት የሕፃን አልጋ ተንሳፍፋ መጣች አሉ። እንዳትገለበጥ ድመቷ ወዲያና ወዲህ እየዘለለች ሚዛን ትጠብቅላት ነበር። ሕፃኑ ጠብታ ውሃ ሳይነካው፣ እንደተኛ ደረሰ። ፋብሪካውም "የእኛ መጠቅለያ ወረቀት ውሃ አያስገባም" ለማለት ነው ሥዕሉን ያሠራው። እርስዎ ያን ሁሉ ምሽት ሥዕሉን እያሳዩ ሲነግሩን የኖሩት ተረት የወረቀት ሻጭ ማስታወቂያ መሆኑን ብሰማ ሳቄ መጣ። ዲና አልሳቀችም።

"እሷ እንዴት ነበር የምትነግራችሁ?" አለችኝ፤ እርስዎን ማለቷ ነው።

አፌ መቼም አያርፍም፤ ያውቁኛል። የወንዙን ዳር ይዛ፣ ነጠላዋ መሬት እየጎተተ፣ አልጋዋን ተከትላ የምትሮጠውን እናት ላሳያት ጣቴን ወደ ሥዕሉ ጥግ ዘረጋሁ። እናቴ፣ የለችም። እዚያ ጥግ ላይ ውሃና የፋብሪካው ስም ብቻ ነው ያለው። የእኛዋ ሴትዮ ለካ ጣሪያው ሲያፈስ የቀረ እድፍ ኖራለች።

"እዚህ ማንም የለም" አለች ዲና።

"በእኛ ግድግዳ ላይ አለች" አልኳት፤ ስለ ጣሪያውም ነገርኳት።

"እኔ እዚያ እያለሁም ነበረች?"

መዋሸት አቃተኝ። "አልነበረችም። ጣሪያው ያፈሰሰው አንቺ ከሄድሽ በኋላ በመጣው ክረምት ነው። እናታችን ሴትዮዋን ያዩዋት ከዚያ ወዲህ ነው።"

"ያን ቀንስ፣ መኪናው ሲነሳ ተከትላኝ ነበር?"

እኔ ያን ቀን ደጅ ቆሜ ነበር። እርስዎ ጓዳ ገብተው፣ ድምፅዎ እንዳይሰማ ነጠላዎን አፍዎ ውስጥ ጠቅጥቀው ነበር። ነገርኳት፤ ይቅር ይበሉኝ። "አልወጡም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን በየምሽቱ ግድግዳው ላይ ሲሮጡልሽ ነው የኖሩት" አልኳት። ዲና መጸዳጃ ቤት ገብታ ቆይታ፣ ፊቷን ታጥባ ወጣች።

ባቡር ጣቢያ ስንደርስ የፋሲካውን ጠየቅኋት። "አልመጣም" አለች። ለመንኳት። መታመምዎን ነገርኳት። "አውቃለሁ፣ ጽፈሽልኛል። አልችልም" አለች። ያን ጊዜ ንዴት ሆላንድኛውን ሁሉ አጠፋብኝ፤ በአማርኛ ጮኼ ተቆጣኋት። አንዲት ቃል ሳይገባት እስክጨርስ ቆማ ሰማችኝ።

ባቡሯ ሲመጣ ክንዴን ያዘችና የላከችልዎትን መልእክት ነገረችኝ፤ በትክክል መያዜንም ለማወቅ አስደገመችኝ። በዚህ አገር አንቱታ አልለመደችም፤ እንዳለችው ነው የምጽፈው።

"ደርሻለሁ በያት። ውሃ አልነካኝም። ከእንግዲህ መሮጧን ታቁም፤ ትቀመጥ።"

ምሕረት ይሁን ስንብት እኔ አልለየሁትም። እስከ ሮተርዳም ድረስ አለቀስኩ። ይዣት ልመጣ ባለመቻሌ አንጀቴ ያራል። ለፋሲካ እኔ እመጣለሁ፤ ብቻዬን ነው የምመጣው፤ በር በሩን አይዩ።

የዲናን ጉዞ የጠበቀ አምላክ የእርስዎንም ሕመም ያቅልልዎ። የማርያም እጅ ከራስጌዎ አይለይ።

ፋና፣ አያትሽ እዚህ ላይ ቢያለቅሱ አታባብያቸው። ነጠላውንም ከአፋቸው ላይ አንሺላቸውና ጮክ ብለው ያልቅሱ።

ልጅዎ ተሻለች