ከንቲባዋን ዋስ አስጠራኋት

ለአስካለ፣ ለልጆቼ እናት፤

ከተለየሽን አሥራ አንድ ወር ሆነ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ አልታዘዝ ብሎኛል፣ ልክ እንዳንቺ። የምትጽፈው ልጅሽ ማርታ ናት። አንዳንዱን ቃል ላለስልሰው ትለኛለች። አስካለ ሻካራውን ለምዳዋለች ብያታለሁ።

መቼም ያን ጠዋት አትረሽውም። ዳዊታችን ወደ ሆስፒታል ሥራው ሊሄድ ከገዛ መኪናው ላይ በረዶ ሲፍቅ፣ ጎረቤታችን ዶና ሌባ መስሏት ፖሊስ ጠራች። መጥተው በረዶው ላይ በፊቱ ደፉት፣ ካቴና አስገቡበት። አንቺ በነጠላ ጫማ ወጥተሽ ልጄ ነው እያልሽ ስትጮሂ፣ እኔ መስኮቱ ጋ መጋረጃ ይዤ ቆሜ ነበር። ከዚያ ወዲያ የዶናን ውሻ ሰላም እያልሽ እሷን እንደ ግንድ ታልፊያት ነበር። እኔን ደግሞ፣ ወጡ ጨው አነሰው ብለህ የምትጮኸውን ያህል እነሱ ላይ በጮህክ ትይኝ ነበር። የሞትሽ ሰሞን እንኳን፣ ሂድና ተናገር አልሽኝ።

ሄድኩ። የከተማችን ምክር ቤት፣ ሰውን በቆዳው ቀለም አናበላልጥም፣ ፖሊሶቻችንም ሰው እንዳይደበድቡ እንቆጣጠራለን የሚል ወረቀት አዘጋጅቶ ሕዝቡን አስተያየት ስጡ ብሎ ጠራ። ለአንድ ሰው ሁለት ደቂቃ። ሁለት ደቂቃ ምን ይሆናል? የከንቲባዋንና የቤተሰቧን ደህንነት ጠይቄ ወደ ሌሎቹ ሳልዞር፣ ሰዓትህ እያለቀ ነው የሚለው ቢጫ መብራት በራ። ማርታ እያስተረጎመች፣ ዳዲ ታይም፣ ዳዲ ታይም እያለች እጅጌዬን ትጎትታለች።

ቀደም ብሎ ወረቀቱ ሲነበብ ቃል እንገባለን የሚለው ሰባት ጊዜ መጥቶ ነበር። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ስለዚህ በወረቀት የሚሸውደኝ የለም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ። በእኛ አገር በሬ የተዋሰ ሰው እንኳን ዋስ ይጠራል፤ ለእናንተ ቃል ዋሱ ማነው? ቀዩ በራ። ጠበቃቸው ወደ ከንቲባዋ ጆሮ ጎንበስ አለ። እኔ ደግሞ ዋስ ሳይጠራ አልቀመጥም ብዬ ቆምኩ።

ይኼኔ ከኋላ አንዲት ሴት ተነሳች። ዶና ናት። ያን ቀን ፖሊስ የጠራሁት እኔ ነኝ፣ ዋስ እሆናለሁ አለች። ማርታ አስተረጎመችልኝ። ይህቺን ዋስ አልቀበልም ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዞሬ ከኋላችን የተቀመጠውን ዳዊትን ባየው፣ እሺ በላት ብሎ ራሱን ነቀነቀልኝ። የተደፋው እሱ ነው፤ እሱ እሺ ካለ እኔ ማነኝ? ተቀበልኩ። ግን ዋስ ማለት ቃል ሲጠፋ በሩ የሚንኳኳበት ሰው ነው ብዬ አስነገርኳት።

አንኳኳሁም። ፖሊሶቹ መንገድ ላይ እነማንን እንደሚያስቆሙ በየሦስት ወሩ እናሳውቃለን ብለው ነበር በዚያ ወረቀት። ሦስቱ ወር አለፈ፣ ዝም። ዶና በር ላይ ሄጄ ቆምኩ። አስካለ፣ ይህቺ ሴት መቼም ስልክ መደወል ትችልበታለች። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሳምንቱን ሙሉ ምክር ቤቱ ጋ ደወለች። የሦስት ወሩ ዝርዝር መጣ። ስብሰባ የምታደርሰኝም እሷው ናት፤ ድራይቭ ስታደርግ ብታያት፣ ያንቺ ቀብር እንኳን ፈጠን ያለ ነበር።

ይቅር አልካት እንዳትይኝ። ግማሹን ነው ያልኩት። ግማሹ ያንቺ ስለሆነ አልነካሁትም። ውሻው ደህና ነው።

ትናንት በረዶ ጣለ። ዳዊት መኪናውን ሲፍቅ ካፖርቴን ደርቤ ወጣሁ። በጣለ ቁጥር እወጣለሁ። ዳዲ ኢትስ ኮልድ፣ ግባ ይለኛል። አልገባም። የምሠራው ነገር የለም፣ ቆሜ ብቻ ነው፤ ያለፈ ያገደመው የማን ልጅ እንደሆነ ይየው። አንቺ በነጠላ ጫማ የቆምሽባትን ቦታ አውቃታለሁ። እኔ እስካለሁ ባዶዋን አታድርም።

ባልሽ፣ ከመጋረጃው ውጭ